በጣትና በጣት መካከል

ሥራዬ ከእኔ ቀድሞ አረጀ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ጥርሴም ጸጉሬም ሙሉ ነው። ነገር ግን በአዲሱ መዋቅር «ቁስል አልባሽ» የሚባል መደብ እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝና ካርድ ክፍል ከመግባትና ከመሰናበት አንዱን እንድመርጥ ተጠየቅሁ። መሰናበቱን መረጥሁ። ከእንግዲህ ቁስል የሚያጥቡት በኮሌጅ የተማሩ ነርሶች ናቸው። ተገቢ ነው፤ ቅሬታ የለኝም። ይህን የምጽፈው በአሥራ አምስት ዓመት ካጠብኋቸው እጆችና እግሮች ሁሉ አንድ እጅ ከሐሳቤ ስላልወጣ ነው።

የጀመርሁት በስማዳ፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበርና የተቀጠርሁት ለጽዳት ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር። የቁስል ክፍሉን ሽታውን ሸሽተው ከሕንፃው ጀርባ ለይተው ሠርተውታል። ወለሉን ለማጠብ ስገባ ጋሽ ጥጋቡን አገኘኋቸው።

ጋሽ ጥጋቡ በደርግ ጊዜ ጦሩ ውስጥ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አልባሽ፣ ነበሩ። ከሰው ጋር ብዙም አይነጋገሩም፤ ከቁስል ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ይውላሉ። ፋሻ ከመፍታታቸው በፊት ዐይናቸውን ጨፍነው ከላይ ያሸቱታል። ከዚያ ለብ ያለ የጨው ውሃ በአሮጌው ጎዝ፣ ቁስሉን በሸፈነው ስስ ጨርቅ፣ ላይ ያፈሱና ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ጎዙ ራሱ እስኪለቅ ይጠብቃሉ እንጂ አይጎትቱም። «የሚጎትት ሰው ደመኛ ነው» ይሉ ነበር። እስኪለቅ ድረስ በሽተኛውን ስለ እርሻው ይጠይቁታል፤ መልሱን ግን የሚሰሙ አይመስለኝም።

በካርድ ላይ የሚጽፉት ከሦስት ቃላት አንዱን ነው። ቁስሉ ገና ከሆነ «ይፈሳል»፤ አዲስ ቆዳ ከጠርዙ ተነሥቶ ሥጋውን ከጨበጠ «ያዘ»፤ ካለቀ «ሻረ»። «ደረቀ» የሚለው ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ የተከለከለ ነበር። የአገሩ ሰው ግን ቁስል ካልደረቀ የዳነ አይመስለውም፤ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ዐመድ ይነሰንስበታል። አንድ ቀን ቅልጥሙ የቆሰለ ገበሬ መጣ።

«ደረቀልኝ ወይ ጋሽ ጥጋቡ?»

«ደረቀ? ማገዶ ነህ እንዴ?»

«ኧረ ሰው ነኝ።»

«ሰው ይሽራል እንጂ አይደርቅም። ይኸን የእንክብል ዱቄት ማን ነሰነሰብህ?»

«እመቤቲቱ ናት።»

«ወጥ መሰልሃት?»

«ወጥማ ብመስላት በርበሬውን ታበዛው ነበር» አለ ገበሬው። ጋሽ ጥጋቡ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የዚያን ሰው ቁስል በሁለተኛው ሳምንት እንዳጥብ ፈቀዱልኝ። እኔ ሥራ አላጋምስም፤ ጠርዙ ላይ የሽንኩርት ገለፈት የመሰለ ስስ ግራጫ ነገር አየሁና እድፍ ነው ብዬ እስኪጠራ ፈተግሁት። ጋሽ ጥጋቡ ዞር ሲሉ አዩኝና አንጓዬን ያዙኝ።

«ምን አደረግህ?»

«እድፍ ነበረበት።»

«ቆዳው ነው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የሠራውን ነው ያጠፋኸው።» የገበሬውን እግር ወደ መስኮቱ አዞሩና አንገቴን ጎንበስ አድርገው ብርሃኑ በአግድም ሲመታው እንዳይ አደረጉኝ። ሳልፈትገው በቀረው ወገን ያ ስስ ነገር እንደ ዕንቁ ያብለጨልጭ ነበር። «ፊት ለፊት ብታየው አይታይህም። በጎን እየው።» ከዚያ ወዲህ ቁስልን በጎን እንጂ ፊት ለፊት አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት አንድ የልምምድ ተማሪ ሽፋኑና ግማሽ ገጹ የሌለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጥሎ ሄደ። ስለ ቆዳ ነበር። መዝገበ ቃላት ገዝቼ ሠላሳ ገጹን በአንድ ዓመት አነበብሁት። ያልገባኝን ቃል በደብተር ጽፌ ከሥሩ ሥዕል እሥልለት ነበር።

መጽሐፉ እንዲህ ይላል። የቆዳ ሴሎች ከሥራቸው የተነጠፈ ስስ ምንጣፍ አላቸው። ኢንተግሪን በሚባሉ ፕሮቲኖች ምንጣፉን በእግር እንደመርገጥ ይጨብጡታል። ካድሄሪን በሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ ጎረቤታቸውን ይይዛሉ፤ እጅ ለእጅ እንደመያያዝ ማለት ነው። እነዚህ መያዣዎች መያዝ ብቻ አይደለም ሥራቸው፤ ወሬም ያቀብላሉ። ቆዳ ሲቆስል ጠርዝ ላይ ያለችው ሴል በአንድ ወገን ጎረቤቷን ታጣለች፤ ከቁስሉ የሚመጡ ሌሎች መልእክተኛ ፕሮቲኖች ደግሞ «ተነሺ፣ ተባዢ» ይሏታል። ጠፍጠፍ ብላ በእርጥቡ ሥጋ ላይ ትድሃለች። በደረቅ ላይ መዳህ ይከብዳታል። ከወዲያ ማዶ ከምትድኸው ቢጤዋ ጋር ሲገናኙ ይያያዛሉ፤ በዚያች ቅጽበት «በቃ» የሚል መልእክት ወደ ውስጥ ይገባል። መዳኋም መብዛቷም ይቆማል። ምንጣፏን የለቀቀች፣ ጎረቤትም የሌላት ሴል ግን ራሷን ታጠፋለች።

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አነበብኋት። ያኔ ብቻዬን ነበር የምኖረው፤ ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የቁስል ሽታ ከእጅ ቢታጠብ ከስም አይታጠብም። ሌሎቹ ሠራተኞች ምሳ ሰዓት ሲጠራሩ እኔን የሚጠራ አልነበረም፤ እኔም ሳልጠራ አልሄድም። ያነበብሁትን የምነግረው ሰው ጋሽ ጥጋቡ ብቻ ነበሩ። ሥዕሎቼን አንድ በአንድ አዩና ደብተሩን መለሱልኝ።

«እንግዲህ አንተ ስሙን አወቅህለት» አሉ። «እኔ ደግሞ ዐመሉን አውቃለሁ። ከስሙ ዐመሉ ይሻላል።»

ዐመሉን ስለማወቃቸው አንድ ነገር ልጨምር። የተቃጠለ እጅ ወይም እግር ሲመጣ፣ ከማሠራቸው በፊት ጎዝ በቀጭኑ ቆርጠው አጥፈው በየጣቱ መካከል ያስገቡ ነበር። እያንዳንዱን ጣት ለብቻው፤ ምንም ያህል በሽተኛ ቢሰለፍ ይህን ሳያደርጉ አያልፉም። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው።

«ላብ እንዳያቁር ነው ጋሼ?»

ጎዝ እየቆረጡ ነበር። «አዎ በለው» አሉኝ። ማብራራት አይወዱም። እኔም በደብተሬ «ለላብ» ብዬ በጥንቃቄ ጻፍሁ።

ጋሽ ጥጋቡ ጡረታ ወጥተው ወደ ልጃቸው አገር ሄዱ፤ በዓመቱ ማረፋቸውን ሰማሁ። ክፍሉ ለእኔ ተሰጠኝ። ኃላፊያችን ወረቀቱ በጊዜ እስከደረሰው ድረስ ማን ምን እንደሚያለብስ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

በዚያው ክረምት ዲያቆን ይሁኔ መጣ። በዕድሜ እኩያዬ ነበር። በደብሩ ቤተልሔም፣ የቅዳሴው ኅብስት በሚጋገርበት ቤት፣ ብቻውን ሲጋግር የጋለው ምጣድ ከጉልቻው ሲንሸራተትበት በቀኝ እጁ ደግፎ ያዘው። መዳፉና የሦስቱ ጣቶቹ ጎንና ጎን ተላጠ፤ መሐል ጣቱ፣ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ። በመጪው ዓመት አግብቶ ቅስና ሊቀበል የታሰበ ልጅ ነበር። ኅብስቱን የሚፈትት፣ መስቀሉን የሚጨብጥ እጅ እንደሚያስፈልገው እሱም እኔም እናውቃለን። የመጀመሪያ ቃሉም ይኸው ነበር።

«ይህ እጅ ይመለስልኛል?»

«ይመለሳል» አልሁ።

በሁለት በሁለት ቀን ይመጣ ነበር። ጎዙ እስኪለቅ ስንጠብቅ ከሌሎቹ በተለየ አፍንጫውን አይይዝም፤ በመስኮት አያይም፤ ይልቅ ይጠይቀኛል። ደብተሬን አሳየሁት። ከጋሽ ጥጋቡ ወዲያ ያየው ሰው እሱ ብቻ ነው።

«ተያይዘው ነው የሚኖሩ በለኛ» አለ፤ «እንደ ጽዋ ማኅበር።»

«ማኅበርተኛ ያጣች ትሞታለች።»

«ጽዋተኛ የሌለውማ ድሮስ ሰው ነው?» አለና የእኔን ፊት አይቶ ዐይኑን ወደ ደብተሩ መለሰ።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። ልክ እንደሆነው ልጻፈው። ጎዝ አልቆብኝ አልነበረም፤ ቸኩዬም አልነበረም። ሦስቱን ጣቶች ለየብቻ ከማለብስ አቀራርቤ በአንድ ብጠቀልላቸው ሴሎቹ ጎረቤት አያጡም፣ ይመጋገባሉ፣ ሙቀትም ይጠብቃሉ ብዬ አሰብሁ። ከመጽሐፉ ያወጣሁት የራሴ ሐሳብ ነበር፤ ኮርቼበትም ነበር። የጋሽ ጥጋቡን ቁራጭ ጎዝ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ክረምት ነው፣ ብርድ ነው፣ እጅ አያልበውም ብዬ ተውሁት።

አስሬ ስጨርስ ይሁኔ እጁን ከፍ አድርጎ አየው። «አንድም ሦስትም አደረግሃቸው» አለ። ሳቅን።

በየጊዜው ስከፍተው ቁስሉ ንጹሕ ነበር። ጣቶቹን ለይቼ አላየሁም፤ እንዳላውካቸው ብዬ ከላይ በጎን በኩል ብርሃን እያበራሁ አየሁ። ዕንቁው መጣ። በካርዱ ላይ «ያዘ» ብዬ ጻፍሁ።

ፋሻው ለመጨረሻ ጊዜ በተፈታበት ቀን «ጣቶችህን ዘርጋ» አልሁት። መሐል ጣቱ ሲነሣ ሁለቱ አብረውት ተነሡ። እንደገና አልሁት። እንደገና አብረው ተነሡ። ከሥራቸው እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ እንደተሰፋ ጨርቅ ገጥመዋል። ስፌቱ ግን አይታይም፤ ሮዝ፣ ለስላሳ፣ እንከን የሌለው ቆዳ ነው። ካበቀልሁት ቆዳ ሁሉ እንደዚያ ያለ የሚያምር አልነበረም። ከመሐል ጣቱ ጎን የተነሡት ሴሎች ድኸው፣ ከቀለበት ጣቱ የተነሡትም ድኸው ተገናኙ፤ ተያያዙ፤ «በቃ» ተባባሉ። ሴል የማን ጣት እንደሆነች አትጠይቅም። ያንን የምትጠይቅላት ያቺ ቁራጭ ጎዝ ነበረች። ጋሽ ጥጋቡ የሚያስገቡት ለላብ አልነበረም።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ ይሁኔ።

መልሱን አውቀው ነበር። «ቃጠሎው ጠልቆ ስለነበር ነው» አልሁት።

ደብረ ታቦር ሄዶ በቀዶ ጥገና እንዲለያይለት መላኪያ ጻፍሁለት። በምክንያቱ ቦታ «ከቃጠሎ የተነሣ» ብዬ ሞላሁ። በሳምንቱ ወረቀቱን እንደታጠፈ ይዞት ተመለሰ።

«አልሄድም» አለ።

«ለምን?»

«እግዜር የሚያደርገውን ያውቃል።» ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ልከተለው ይገባኝ ነበር። አልተከተልሁትም። የተሰማኝን ስም ልስጠው ካልሁ ዕፎይታ ነው፤ ደብረ ታቦር ያለ ሐኪም እጁን ቢያይ ማን እንዳሠረው መጠየቁ አይቀርም ነበርና።

በዚያው ዓመት ዝውውር ጠይቄ ወደ ንፋስ መውጫ ሄድሁ። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። መጀመሪያ ጋሪ ነበር፣ ኋላ ባጃጅ መጣ፤ መጀመሪያ በደብዳቤ፣ ኋላ በስልክ መታዘዝ ጀመርን። ብዙ ቃጠሎ አለበስሁ። በየጣቱ መካከል ጎዝ ሳላስገባ ያሠርሁት እጅ የለም። ይሁኔ ትዝ ባለኝ ቁጥር ለራሴ የምነግራት አንዲት ቃል ነበረችኝ፤ «ያኔ ማን ያውቅ ነበር?» የምትል። ለሌላ ሰው ተናግሬያት አላውቅም፤ የምነግረው ሰውም አልነበረኝም። ብቻውን የሚኖር ሰው ለራሱ የሚለውን የሚያርምለት የለም።

ክፍሉን ያስረከብኋት ነርስ ሲስተር ትዕግሥት ትባላለች፤ ከኮሌጅ ከወጣች ዓመት አልሞላትም። መቀሱን፣ መቆንጠጫውን፣ ጎዙ የሚቀቀልበትን ድስት በየተራ አሳየኋት። በመጨረሻ ለብዙ ቀን ያሰብሁበትን ነገር አነሣሁ። እጇን ተቀብዬ ጎዝ በቀጭኑ ቆርጬ በጣቶቿ መካከል አስገባሁ።

«የተቃጠለ እጅ ሲመጣብሽ ይህን ሳታደርጊ እንዳታሥሪ። ቢጨንቅሽም፣ ቢሰለፉም።»

«እንዳይጣበቅ ነዋ» አለች።

«ታውቂዋለሽ?»

«አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው እኮ ነው ጋሼ።» ስልኳን አውጥታ ከማስተማሪያ ወረቀቷ አንድ ገጽ አሳየችኝ። የእጅ ሥዕል ነው፤ በየጣቱ መካከል ነጭ ቁራጭ አለ። ከሥሩ አንዲት መስመር ጽሑፍ። «ድሮ አይደረግም ነበር እንዴ?»

«ይደረግ ነበር» አልኋት። «ጋሽ ጥጋቡ የሚባሉ ሰው ያደርጉት ነበር።»

ይህን ስናገር የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ማን ያውቅ ነበር ስል የኖርሁት ዐይኔ እያየ የተደረገውን ነገር ነው። ቁልፉን ሰጥቻት ወጣሁ፤ በማግስቱ ይሁኔን ልፈልግ ተነሣሁ።

እስቴ ውስጥ ዜማ እንደሚያስተምር ሰምቼ ነበር። በደብረ ታቦር ዞሬ መካነ ኢየሱስ ደረስሁና ከዚያ በእግር ወደ ደብሩ ወጣሁ። ከዛፍ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹ ራቅ ብለው ያዜማሉ። ሲያየኝ ወዲያው አወቀኝ።

«አልባሹ» አለ።

«እንዴት ሰነበቱ የኔታ?»

«ድሮ አንተ ነበር የምትለኝ።»

«አሁን የኔታ ነዎት።»

«ቁጭ በል።» ቀኝ እጁ በጋቢው ውስጥ ነበር። ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፤ መለስሁ።

«ልነግርዎት የመጣሁት ነገር አለ» አልሁ። «ስለ እጅዎ።»

«እጄ ምን ሆነ?»

«ያያያዘው ቃጠሎው አይደለም። እኔ ነኝ። ሳሥር በጣቶቹ መካከል ጎዝ ማስገባት ነበረብኝ። ሲደረግ አይቻለሁ። አላደረግሁም። በኋላም አውቄ ዋሸሁዎት።»

ተማሪዎቹ አንዱን ስንኝ ጨርሰው ሌላ ጀመሩ።

«የዚያን ቀን» አለ በመጨረሻ፣ «ቤተልሔም ስገባ ቆሎ ቀምሼ ነበር። ጾሜን መግባት ሲገባኝ። እፍኝ አትሞላም። ማንም አላየኝም። እጄ ሲዘጋ፣ እግዜር አየኝ ብዬ ነው ያመንሁት። እሱ የዘጋውን ሰው አይከፍተውም ብዬ ደብረ ታቦር አልሄድሁም። ቅስና ተቀበል ሲሉኝ እምቢ አልሁ። የታጨችልኝን መለስሁ። ንስሐ አባቴ ‹በዛ፣ ይህስ ትዕቢት ነው› ብለውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም።» እጁን ከጋቢው አወጣና ጭኑ ላይ አኖረው። «አሁን ጎዝ ነው ትለኛለህ።»

«ጎዝ ነው።»

«ስንት ጎዝ?»

«ሁለት ቁራጭ። የጣት ርዝመት ያላቸው።»

«ሁለት ቁራጭ» አለ። ፊቱ ወደ እኔ አልዞረም። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር፤ እጁን እያየ ቀረ። ሄጄ ከፊቱ ልጥፋ ብዬ ስነሣ ጠራኝ።

«ደብረ ታቦር ያሉት አሁንም ይለያዩታል?»

«ይሞክራሉ። ግን ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አንጓው ሳይደርቅ አይቀርም። እንደ በፊቱ አይሆንም።»

«እንደ በፊቱ ይሁን አልሁህ?» አለ። «ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ። መንገድ ላይ ግን አታናግረኝ።»

በማግስቱ ከመካነ ኢየሱስ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርን። እሱ መስኮቱ ጋ፣ እኔ ከኋላው ወንበር ላይ። ሾፌሩ የመዝሙር ካሴት ከፍቶ ነበር፤ የኔታ ይሁኔ ዜማው የተሳተ ቦታ ላይ ራሱን ይነቀንቃል። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ደረስን። ካርድ አውጥተን ወረፋ ያዝን። ተራው ሲደርስ ታሪክ የምትጽፈው ነርስ እጁን አገላብጣ አየችው።

«አባቴ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ቃጠሎ ነበረ።»

«እንዲህ ያያያዘው ቃጠሎው ነው?»

ጋቢውን ሰብስቦ ከወንበሩ ጠርዝ ፈቀቅ አለልኝ። «እሱ ይንገርሽ» አለ።

ነገርኋት። በጣቶቹ መካከል ሁለት ቁራጭ ጎዝ ሳይገባ እንደታሠረ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ በስንተኛው ቀን እንደተገኘ፤ የማስታውሰውን ሁሉ በቅደም ተከተል።

«ማን ነው ያሠረው?»

«እኔ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አጎንብሳ ጻፈችው።